በመርፌው ቀን ልጅቷን ማን ይያዛት?

ኩዌት ውስጥ፣ ሱራ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የልጅ ማሳደግ ሥራ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው፤ ጣፋጩ የማዳም፣ መራራው የኔ። ቸኮሌት የምታጎርሳት እናቷ ናት፤ የትኩሳት ሽሮፕ በማንኪያ አፏ ውስጥ የምገለብጠው እኔ። መናፈሻ የምትወስዳት እሷ፤ የተቋጠረ ፀጉሯን የምፈታው፣ ጥፍሯን የምቆርጠው፣ ሳሙና ዓይኗ ሲገባ የምረገመው እኔ። ማዳም ክፉ ሆና አይደለም። ከቢሮ ደክማ ስትገባ ልጇ አይታት እንድትስቅላት ነው የምትፈልገው። በሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ሳላደርግ አልቀርም።

ልጅቷ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልፏት አፏን የፈታችበት፣ ፈትታም መልሳ ያልዘጋችበት ወቅት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ስለምትውል አማርኛዋ የወሎ ነው። ዐረብኛዋ የእናቷና የአያቷ። ለእናቷ በዐረብኛ ትሞላቀቃለች፣ ሲከፋት ግን በአማርኛ ነው የሚከፋት። እኔን "እቴ" ትለኛለች። ሳልዋ በሚባል ሌላ ሰፈር የምትሠራ ያገሬ ልጅ ጓደኛ አለችኝ፤ ስልክ ስትደውል "እቴ፣ እንዴት ዋልሽ?" ስትለኝ ሰምታ ስሜ መስሏት ነው። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ የገባችን ድመት እያባረረች ስትጮህ ማዳም "ምን እያለች ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አላህን እያመሰገነች ነው" አልኳት።

ድመቷን "ድፍት በይ!" እያለች ነበር።

ይህች ምላሰኛ ልጅ አንድ ነገር ጎድሏት ነበር። ሌላውን ክትባት ሁሉ በጊዜው ተከትባለች፤ የኩፍኙ ብቻ ቀረ። አንድ ዓመት ሲሞላት ሊሰጣት ሲገባ ማዳም ቀጠሮውን "ለሚቀጥለው ሳምንት" አለችው። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣም የሚቀጥለው ሳምንት ነበረ። ምክንያቱ ደግሞ ሳልዋ ያለችው ታናሽ እህቷ ናት። ያቺ እህት ከስልኳ የማትለይ፣ ያየችውን ሁሉ ለዘመድ የምታዳርስ ሴት ናት። በአንዱ ቪድዮ ላይ አንድ ሰውዬ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከበስተጀርባው መጻሕፍት ደርድሮ፣ "ይህን መርፌ የተወጋ ልጅ ንግግር ያቆማል" ይላል። ማዳም ይህን ካየች በኋላ ልጇን የምታየው እንደሚሰበር ብርጭቆ ሆነ። ባባ፣ ማለት ባሏ፣ ሲጠየቅ "አንቺ እንዳልሽ" ይላል። ቁርጥ ነገር ሲመጣ አንቺ እንዳልሽ ማለት የወንድ ጥበብ ነው።

እኔ ታዲያ ማዳም ላይ ለመፍረድ ምላሴ አይነሣም። የት እንዳደግሁ አውቃለሁና።

እኛ መንደር፣ ከመኪና መንገድ የራቀ የወሎ ገጠር ነው፣ ከታቢዎቹ በረዶ ያለበት ሣጥን በትከሻቸው አንግተው ዳገቱን ሲወጡ ከሩቅ ይታዩ ነበር። ያን ጊዜ ወሬው ስልክ አልነበረውም፤ በእግሩ ከገበያ ይመጣል። "መርፌው ሴት ልጅ ያመክናል" ተባለ። እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን አንሥታ ጎተራ ውስጥ ከተተችን። ማሽላው እስከ አንገታችን ደርሶ፣ ጭንቅላታችን ብቻ ሁለት ቅል መስሎ ቀረ። ከታቢው ደጃፍ ቆሞ "ልጆች የሉም?" ሲል እህቴ አስነጠሳት።

"አይጥ ነው" አለች እናቴ።

"የናንተ ቤት አይጥ ጉንፋን ይይዘዋል?" አለና ሳቀ። ሳቀና ሄደ። ምን ያድርግ? አንዲት እናት ደጇ ላይ ቆማ አይሆንም ስትል ጎተራ አይበረብርም።

በበጋው ኩፍኝ ገባ። መንደሩ በሩን ዘጋ፤ ነፋስ እንዳይነካን ተብሎ ጨለማ ውስጥ ተጋደምን። እኔ ወጣሁት። እህቴም ወጣችው፤ አንድ ዓይኗን እዚያ ትታ ወጣች። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ሴቶች "ስንት ልጅ አለሽ?" ሲባሉ ኩፍኝ ያላለፈውን ልጅ ለመቁጠር አይደፍሩም ነበር። እናቴ እኛን የደበቀችን ስለጠላችን አልነበረም። እናት ስትፈራ ያላትን መደበቂያ ሁሉ ትከፍታለች፤ የሷ ጎተራ ነበር፣ የማዳም "የሚቀጥለው ሳምንት"። ያን ጊዜ ዳገት እየወጣ ይመጣ የነበረው አሁን በኪስ ውስጥ እየጮኸ ይመጣል እንጂ ወሬው ያው ወሬ ነው።

ለማንኛውም አንድ ረቡዕ ጠዋት ጓደኛዬ ከሳልዋ ደወለች። ጓደኛዬ የምትሠራው እዚያችው የማዳም እህት ቤት ነው። ሁለቱ እህትማማቾች በቀን አንዴ ይደዋወሉ ይሆናል፤ እኛ ግን ድስት ባማሰልን ቁጥር ነው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለ ነገር መጀመሪያ የሚያልፈው በኛ ነው።

"እቴ፣ ጆሮሽን አምጪ" አለች በሹክሹክታ። "ትንሹ ልጅ አተኩሶታል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስላል፣ ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ፊቱ ሽፍ ብሏል። ማዳሜ የሙቀት ሽፍታ ነው ትላለች።"

"የሙቀት ሽፍታ ያስላል እንዴ?"

"እሱን ንገሪልኝ! ሐኪም ጋ አትወስደውም። 'ለምን አልተከተበም' ብለው እንዳይቆጧት ፈርታለች።"

"ቁጣ ይሻላል ኩፍኝ?"

"እቴ፣ ለማንም እንዳትነግሪ አደራ! ከኔ እንደወጣ ካወቀች ዛሬውኑ ሻንጣዬን በር ላይ ነው የማገኘው። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።"

"እኔስ?"

"አንቺ ማንም ነሽ እንዴ? አንቺ እህቴ ነሽ።"

ስልኩን ዘግቼ ቆምሁ። ረቡዕ ነው። ከነገ ወዲያ አርብ ነው። የማዳም እናት፣ ማማ የምንላቸው አሮጊት፣ እዚሁ ሱራ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ አርብ አርብ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ለምሳ እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ምሳ ለመቅረት ወይ መሞት ወይ አገር መልቀቅ ያስፈልጋል። ያ ሽፍ ያለው ልጅ ይመጣል። የኛዋ ደግሞ አፍንጫው ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ነው የምትጫወተው። ብናገር ጓደኛዬ እንጀራዋን ታጣለች፤ ዝም ብል ይህችን ልጅ ላጣ እችላለሁ። ለዚህ ምን ዓይነት ምላስ ነው የሚያስፈልገው?

ማማ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሩዝ እየለቀሙ ነበር። የዛሬ ሩዝ ጠጠር የለውም፤ እሳቸው ግን ከልጅነታቸው የለመዱት ነውና ጠጠር እስኪያገኙ ይፈልጋሉ። ጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው መልቀም ጀመርሁ። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን ከሳቸው ጋር ሳወራ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ፤ አሁንም ስጽፈው እንደዚያው ይሁንልኝ።

"ማማ፣ የሳልዋው ልጅ አልናፈቀዎትም?"

በመነጽራቸው አናት አዩኝ። "አርብ ይመጣ የለ?"

"እንዲያው ነው። በቪድዮ ቢደውሉለት ብዬ ነው።"

"ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው ለናፍቆቴ የምታስቢ?" አሉ፤ ደወሉ ግን።

ልጃቸው አነሣች። ስልኩ ላይ የሚታየው ኮርኒስ ነው። ነጭ ኮርኒስ፣ መሀሉ ላይ መብራት።

"ኮርኒስሽ ያምራል" አሉ ማማ። "ልጁስ?"

"ተኝቷል፣ ዩማ" አለች፤ እማዬ ማለቷ ነው።

"ሲያስል ይሰማኛል።"

"ተኝቶ ነው የሚያስለው።"

ማማ ስልኩን ዘጉ። አንዲት ፍሬ ሩዝ አንሥተው በብርሃን አዩዋት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "ኩፍኝ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ ማማ? እኔ ያለሁት ሱራ።"

"ወላሂ በይ።"

"ሩዙ እንዳያር!" ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

ሩዙ ገና አልተጣደም ነበር። እጃቸው ላይ ነበር።

ከኩሽና ሆኜ ስሰማ መልሰው ደውለዋል። እኒያ ድምፃቸው ለጸሎት እንኳ ዝግ የሚለው ሴትዮ ቤቱን አናወጡት። "አሁን! ልብስሽን አትቀይሪ፣ ቅንድብሽን አትኳዪ፣ አሁን ሐኪም ጋ! ማን ነገረሽ ትያለሽ? ኮርኒስሽ ነገረኝ! ኮርኒስ የምታሳይ እናት የምትደብቀው ነገር አላት!" በምሽቱ ወሬው ደረሰ፤ ኩፍኝ ነው፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ቤቱ እንዲቆይ ተብሏል፣ ማንም ሕፃን አጠገቡ እንዳይደርስ። ጓደኛዬ ደውላ "እቴ፣ ኮርኒሱን ማን አስተማረው?" ብላ እስክትታፈን ሳቀች። ሻንጣዋ ካለበት አልተነቃነቀም።

አሁን ማዳም ሮጣ ልጇን ታስከትባለች ብዬ ነበር። ለካ ሰው ሁለት ፍርሃት በአንድ ጊዜ ሲይዘው እግሩ ይታሰራል። እንደ ልጇ የምትወደው የእህቷ ልጅ ታሟል፤ ግን ያ ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬም ዓይኗ ላይ አለ። ስለዚህ ያደረገችው ቤቱን ማጠብ ነው። የበር እጀታውን፣ የመብራት ማብሪያውን፣ እኔንም ጭምር፤ ከገበያ ስገባ በር ላይ አቁማ በጀርም መግደያ ረጨችኝ። የአርቡን ምሳ ሰረዘች። ማማ "ልጅቷን አስከትቢያት" ሲሏት "እያሰብኩበት ነው ዩማ" አለች።

"ከዓመት በላይ አሰብሽ! ጎርፍ ሲመጣ ስለ ዋና የሚያስብ ሰው አለ?"

ማዳም እያለቀሰች መኝታ ቤቷ ገባች። ማማ ወደኔ መጡና እጄን ያዙ። "አንቺ ልጅቷን አቅፊያት። እኔ ካርዷን እይዛለሁ። እሷ ቢሮ ስትሄድ ታክሲ ጠርተን ሙስተውሰፍ እንወስዳታለን።" ሙስተውሰፍ የሚሉት የየሰፈሩን ጤና ጣቢያ ነው፤ የኛው ቅርብ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ጣመኝ። የእህቴ ዓይን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጫማዬን ለማድረግ ምንም አልቀረኝም። ግን አንድ ነገር ያዘኝ።

"ማማ፣ ይህ አይሆንም። የሰው ልጅ ናት።"

"የልጄ ልጅ ናት!"

"የልጅዎ ልጅ ናት። ልጅዎ ደግሞ በሕይወት አለች። ነገ ልጅቷ ብታተኩስ እናቷን ምን እንላታለን? ይህች ሴት የፈራችው ሳታውቀው ልጇ ላይ ክፉ ነገር እንዳይደርስ ነው። እኛው አድርገን እናሳያት?"

ማማ እጄን ለቀቁ። "ታዲያ አርፈን እንቀመጥ?"

"ሐኪም ፊት እናድርሳት። ከዚያ ወዲያ ያለው የሷ ነው።"

"በእግሯ አትሄድም።"

"ለልጇ አትሄድም። ለእናቷስ?"

ፈገግ አሉ። ማማ ጥርሳቸውን ሳያደርጉ ፈገግ ሲሉ አንድ ሰፈር የሚሸጡ ይመስላሉ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሳሉ ተጀመረ። አላህ ይቅር ይበላቸው፣ ሴትዮዋ ተዋናይ መሆን የነበረባቸው ናቸው፤ ችግራቸው ማብዛታቸው ነው። እያሳሉ ደረታቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን።

ሻይ የማቀርብ መስዬ ጎንበስ አልሁ። "ማማ፣ ሳል ከሆነ ጉልበትዎን ይልቀቁ።"

"ሁሉ ቦታ ነው ያሳለኝ" አሉ በሹክሹክታ።

ማዳም ደነገጠች። ቢሮ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች፣ መኪናውን አወጣች። ማማ "እሷ ካልደገፈችኝ አልሄድም" ብለው እኔን ጨመደዱኝ፤ እኔ ከሄድሁ ልጅቷን የሚይዝ የለም፤ ስለዚህ ልጅቷም መጣች። መኪና ውስጥ ስንገባ የማማ ቦርሳ ከታመመ ሰው ቦርሳ ይልቅ የተጓዥ ቦርሳ ይመስል ነበር። ልጅቷ በመንገዱ ሙሉ በመስኮት ያየችውን ሁሉ በስሙ ጠራች፤ መኪናውን በዐረብኛ፣ ውሻውን በአማርኛ።

ጤና ጣቢያው ሞልቶ ነበር። መጠበቂያው ውስጥ እናቶች ስልካቸውን ይዘው፣ ልጆቹን የኛ ሴቶች ይዘው ተቀምጠዋል። የሻርፓቸውን አስተሣሠር አይቼ ማን የየት አገር እንደሆነች መናገር እችላለሁ። ዓይን ለዓይን ተያይተን ራሳችንን ነቀነቅን። ተራችን ደረሰ።

ሐኪሟ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች ግብፃዊት ናት፤ ዝግ ያለች። የማማን ደረት አዳመጠች፣ ጀርባቸውን አዳመጠች፣ ጉሮሯቸውን አየች።

"ሳንባዎ የወጣት ነው። ምንዎን ነው የሚያምዎት?"

"ይህን" አሉና ማማ ከቦርሳቸው የልጅቷን የክትባት ካርድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ይህች የልጅ ልጄ የኩፍኝ አልተከተበችም። የአክስቷ ልጅ በኩፍኝ ተኝቷል። እኔን የሚያመኝ ይህ ነው።"

ማዳም ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። "ዩማ! ያ ሁሉ ሳል?"

"ተሻለኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ከዚያ ማዳም ወደኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል በጥሞና ማጥናት ጀመርሁ። እጅ መታጠብ እንዲህ ጥልቅ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሐኪሟ ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደ ማዳም ጠጋ አድርጋ "ምኑ ነው ያስፈራሽ?" አለቻት። ያኔ ገባኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁላችንም "አስከትቢያት" ብለናታል፣ ይህን የጠየቃት ግን አልነበረም። ማዳም ስልኳን አውጥታ ቪድዮውን አሳየቻት። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው አየችው፣ ሳትስቅ።

"ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ነበር" አለች። "በብዙ አገር፣ በብዙ ልጆች ላይ ታይቶ እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። ልጆች መናገር ሊያቆሙ የሚችሉባቸው ችግሮች የሚታዩት ይህ ክትባት በሚሰጥበት ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ ነው ሰው ሁለቱን ያገናኛቸው።"

ማዳም ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ ይህ ደስ አለኝ። እኔ የማላስባቸውን ጥያቄዎች ጠየቀች። ጉዳቱስ ምንድን ነው? የሚከለከል ልጅ አለ? ሐኪሟ አልሸሸገችም። ከሳምንት ግድም በኋላ ሊያተኩሳት፣ ትንሽ ሽፍ ሊልባት እንደሚችል፣ ከባድ ነገር አልፎ አልፎ እንደሚያጋጥም፣ ለዚያም ከመርፌው በኋላ ጥቂት ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ ነገረቻት። ኩፍኙ ራሱ ደግሞ ሳንባንና አንጎልን፣ ዓይንንም እንደሚነካ። በመጨረሻም ወደ በሩ አመለከተች። "ውጪ ክንድ ላይ የተኙ ጨቅላዎች አሉ። ለዚህ መርፌ ገና ናቸው። እነሱን የሚጠብቃቸው በዙሪያቸው ያለ የተከተበ ልጅ ነው።"

እኔ በሆዴ፣ አጥር ማለት ነው አልሁ። እኛ አገር የጋራ በረት አጥር ሲታጠር አንዱ የራሱን ፈንታ ክፍት ከተወው ጅቡ የሱን በግ ብቻ አይበላም።

ማዳም ልጇን አየቻት። ልጅቷ ሚዛኑ ላይ ቆማ ራሷን እየመዘነች "ከብጃለሁ" ትላለች። ማዳም ወደኔ ዞረች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ልጅቷ ጉዳይ ምን ትያለሽ ብላኝ አታውቅም። "እኔ ሐኪም አይደለሁም" አልኳት። "እህቴ ግን በኩፍኝ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። እናቴ መርፌውን ፈርታ ደብቃን ነበር። እንዳንቺው ትወደን ነበር።"

ማዳም ልጅቷን ከሚዛኑ ላይ አወረደቻት። ለሐኪሟም "እሺ" አለች።

ክትባቱ ክፍል ገባን። ነርሷ ሕንዳዊት ናት፤ እጇ ፈጣን። ማዳም ልጅቷን አንሥታ እንደ ልማዷ ወደኔ ዘረጋቻት። "ያዣት።"

እጄ በራሱ ተዘርግቶ ነበር፣ መልሼ ሰበሰብኩት።

"ዛሬ አንቺ ያዣት፣ ማዳም።"

"እኔ? እኔ ማየት አልችልም!"

"አንቺ ነሽ እሺ ያልሽው። እሺ ያለ ሰው ይያዛት።"

ይህን ስል ውስጤ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ግማሹ ተንኮል። ቁም ነገሩ፣ ለልጅ የሚበጅ ነገር ስናደርግ ሕመሙን ሌላ ሰው ላይ ጥለን ፊታችንን ማዞር ደስ አይለኝም። ተንኮሉ ደግሞ፣ አንድ ቀን እንኳ የምረገመው እኔ ባልሆን ብዬ ነው። ማማ ከበሩ ሆነው "ልክ ብላለች! ያዣት!" አሉ፤ በሙሉ ጤናቸው።

ማዳም ተቀመጠች። ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እጆቿን አቀፈች። ዓይኗን ልትጨፍን ነበር፣ አልጨፈነችም። ልጅቷ መርፌውን አየች። እናቷን አየች። ሳንባዋን ሞላችና የዐረብ አገር ጤና ጣቢያ ሰምቶት የማያውቀውን ጩኸት ለቀቀችው፤

"ኡኡ! የሰው ያለህ! የሰው ያለህ! ሊገድሉኝ ነው!"

በጥሩ አማርኛ። በወሎ ቅላጼ።

መጠበቂያው ውስጥ ምን እንደተሰማቸው አስቡት። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምታ የምትቀመጥ ያገሬ ሴት የለችም፤ አገራችን ኡኡታ ሲሰማ እሳት ላይ ያለ ድስት ተጥሎ ነው የሚወጣው። በሩ ብርግድ አለ። አንዷ የሰው ሕፃን በጎኗ ታቅፋ፣ አንዷ ጡጦ እንደ ዱላ አንሥታ፣ ሌላዋ በአንድ እግር ጫማ።

"ማናት? ማናት አበሻዋ?"

"ምን አደረጓት? ልቀቋት!"

"አይዞሽ እናቴ፣ መጣን!"

ገብተው የሚያዩት፣ ሮዝ ጫማ ያደረገች የኩዌት ልጅ በእናቷ ጭን ላይ። ነርሷ መርፌውን ይዛ ደርቃለች። ከዚያ ጡጦ ያነሣችው ዝግ ብላ እጇን አወረደች።

"ውይ አላህዬ! ይቺ ዐረብ ናት እንዴ? እኔስ የደሴ ልጅ መስላኝ!"

"የደሴ ናት ማለት ይቻላል" አልሁ። "ሂዱ ተቀመጡ፣ ክትባት ነው።"

"ክትባት? ለክትባት ነው እንዲህ መንደር የምታስነሣው? አንቺ ነሽ ያስተማርሻት? የት ነሽ አንቺ፣ የወሎ ቦረና ነሽ?" እየተሳሳቁ፣ እየተጋፉ ወጡ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ነርሷ ሥራዋን ጨርሳ "ኻላስ" ብላ ጥጡን ለጥፋለች። ልጅቷ ራሷ ሲወጋት አላየችም፤ ሕዝቡን እያየች ነበር።

"ምን አለች?" አለች ማዳም። ድመት ላይ የዋሸሁት ውሸት እዚህ አልሠራም።

"ሰው ጠራች።"

"ማንን?"

"ማንንም። በቅርብ ያለ ሰው ሁሉ ድረስልኝ ማለት ነው።"

ማዳም ልጇን ይዛ ቀረች። "እቅፌ ውስጥ ሆና?" አለች፣ ለራሷ ያህል። ልጅቷ ግን ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀብራ፣ በአንድ እጇ እኔን እየገፋች "ሂጂ፣ እቴ! ድፍት በይ!" አለችኝ። የያዘቻት እናቷ፣ የወጋቻት ነርሷ፣ የተረገምሁት እኔ። ዕጣ ፈንታ ማለት ይህ ነው።

ማዳም ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። "አሁንም አላህን እያመሰገነች ነው በይኝ" አለች። ለካ ያኔም ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት ረዥም ነበር። ማዳም ልጅቷ ዝም ባለች ቁጥር "ለምን ዝም አለች?" ብላ ትሮጣለች፤ ልጅቷ ዝም የምትለው ደግሞ አፏ በምግብ ሲሞላ ብቻ ነው። ማማ "ንግግር ታቆማለች ያላችሁኝ ሰዎች፣ መቼ ነው? ራሴን አሞኛል!" ይላሉ። ሐኪሟ እንዳለችው ትኩሳቱ መጣ፤ ደረቷ ላይ ትንሽ ሽፍ አለ። ማዳም ነጭ ሆነች። ጤና ጣቢያ ደወለች፣ የሚጠበቅ ነው፣ ይህንና ያንን ካያችሁ አምጧት አሏት። ልጅቷን አቅፋ ዋለች፤ ሽሮፑን ራሷ ሰጠቻት፣ ልጅቷም ልብሷ ላይ ተፋችባት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ተነሥታ ድመቷን ፍለጋ ግቢ ወጣች።

ማዳም በነጋታው ኩሽና መጣች። በሩን ገጠም አድርጋ "ከዛሬ ጀምሮ የምታስቢውን በአፍሽ ንገሪኝ" አለች። "እናቴን አታሳምሚብኝ።"

"በጤናቸው ነው የታመሙት" አልሁ። እየተቆጣችም ሳቀች።

የሳልዋው ልጅ ዳነ። ከስቶ፣ ቅላቱ ጠፍቶ፣ ግን ዳነ። ከሱ የምትበልጥ እህቱም ያልተከተበች ነበረች፤ እሷ ላይ አልወጣባትም፣ አላህ ጠብቋታል። እናታቸው ግን በኀፍረት ከቤት መውጣት ትታ ነበር። ማማ ሊጮኹባት ሲነሡ ማዳም ስልኩን ከእጃቸው ወሰደችና ከመኝታ ቤቷ ደወለችላት። ሻይ ሳስገባ ሰማኋት፤ አልተቆጣችም። "ምኑ ነው ያስፈራሽ?" እያለቻት ነበር። ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ ማዳም ቦርሳዋን አንሥታ "ነይ፣ ሳልዋ እንሄዳለን። ትልቋን ልታስከትብ ነው፤ ብቻዬን አልይዛትም ብላለች" አለችኝ።

እዚያ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ደረስን። ሁለቱ እህትማማቾች ልጅቷን መሀል አድርገው ገቡ። እኔና ጓደኛዬ ውጪ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ከስንት ወር በኋላ ፊት ለፊት መገናኘታችን ነው። ገና "እንዴት ነሽ" ሳንባባል ከውስጥ ጩኸቱ ተነሣ። ጓደኛዬ ወንበሯን ለቃ ብድግ አለች። ሻርፗን ይዤ ጎተትኳት።

"የት ነው የምትሄጂ?"

"ታለቅሳለች እኮ!"

"እናቷም አክስቷም አሉላት። ተቀመጪ።"

ተቀመጠች፤ ግን በወንበሩ ጫፍ፣ በግማሽ መቀመጫዋ፣ ዓይኗ በሩ ላይ። "እቴ፣ እኔ ካልያዝኳት ትንቀጠቀጣለች" አለችኝ።

በሩ ተከፈተ። የሳልዋዋ ማዳም ሻርፗ ወደ ጎን ዞሮ፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ፣ ልጇን አቅፋ ወጣች። ልጅቷ የእናቷን ጆሮ ጨምድዳ ይዛለች። ጓደኛዬ እጇን ዘረጋችላት፤ ልጅቷ ወደሷ አልመጣችም። እናቷም አልሰጠቻትም።

"ይህች ልጅ" አለች እያለከለከች፣ "እንዲህ ጉልበት እንዳላት ለምን አልነገርሽኝም?"

ጓደኛዬ የተዘረጋ እጇን አጥፋ፣ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በሻርፗ ሸፈነች።